115 ያልሆነው 115



ንግግሬን በአንዲት አጭር ፕሮግራም ልጀምር። የዕቃው ዋጋ 100 ብር ነው፤ ቫቱ 15 በመቶ ነው፤ ደንበኛው 115 ብር ከፍሏል። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተከፈለው ገንዘብ 100 በ1.15 ተባዝቶ ከሚገኘው ጋር እኩል ከሆነ «ተከፍሏል» በል፤ ካልሆነ «ሂሳቡ ልክ አይደለም» በል። መልሱ ለማንም ግልጽ ነው። ይህን በፓይተን ጽፋችሁ ብታስኬዱት ግን የሚወጣው «ሂሳቡ ልክ አይደለም» ነው። የብዜቱን ውጤት ለብቻው አሳየኝ ብትሉት 114.99999999999999 ያሳያችኋል።

አሁን ቀመሩን ትንሽ ቀየር አድርጉት። መቶን በ0.15 አባዙና ውጤቱን መቶ ላይ ደምሩት። በሂሳብ ክፍል ሁለቱ መንገዶች አንድ ናቸው፤ መምህሩም ለሁለቱም እኩል ማርክ ይሰጣል። ኮምፒዩተሩ ግን በሁለተኛው መንገድ ድፍን 115 ያወጣል፤ ፕሮግራሙም «ተከፍሏል» ይላል።

ጀማሪ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኢፉን፣ «ከሆነ» የሚለውን ትእዛዝ፣ ነው። ቅንፉን ያያል፤ ሁለት ነጥቧን ያያል፤ በሁለት የእኩል ምልክት ፈንታ አንድ ጽፌ ይሆን ብሎ ይመረምራል። ስህተት አያገኝም፤ ምክንያቱም ኢፉ ላይ ስህተት የለም። ከዚያ እዚህም እዚያም እየነካካ አንዱ መንገድ ሲሠራለት «ተስተካከለ» ብሎ ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ማለፍ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የፕሮግራሚንግ መግቢያ ሲሰጥበት በኖረው በሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሲ ፕላስ ፕላስ ቁጥር ሲያትም፣ ካልታዘዘ በቀር፣ ስድስት አኃዝ ብቻ አጠጋግቶ ስለሚያሳይ ያው ብዜት ስክሪኑ ላይ 115 ሆኖ ይወጣል። ቁጥሩን አሳየኝ ሲሉት 115 ይላል፤ 115 ነህ ወይ ሲሉት አይደለሁም ይላል። ተማሪው የሚያምነው ዓይኑን ነው፤ ዓይኑ ደግሞ የሚያየው የተጠጋጋውን ነው።

ዛሬ የምሟገትለት ነገር ይህ ነው፦ የኢፍ ትምህርትና የአስርዮሽ ቁጥር ትምህርት ተነጣጥለው መሰጠት የለባቸውም። ኢፍ የሚመዝነው እናንተ በልባችሁ ያሰባችሁትን ቁጥር አይደለም፤ ማህደረ ትውስታው ውስጥ የተቀመጠውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያልተነገረው ተማሪ ሁኔታ መጻፍ ተምሯል ለማለት ይከብደኛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጨምሮ በየመንገዱ ፕሮግራሚንግን የሚጀምሩ ወጣቶቻችን ቁጥር እየጨመረ ነው። የሚጽፉት ደረሰኝና ደመወዝ፣ የውጤት መዝገብና የመድኃኒት መጠን ይሆናል። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ሊቃውንት ጉዳይ ሆኖ መቅረት አይችልም።

ወደ ምክንያቱ ልግባ። አንድ ብር ለሦስት ሰው እኩል ይካፈል ብትሉ ለእያንዳንዱ 33 ሳንቲም ደርሶ አንዲት ሳንቲም ትተርፋለች፤ ሳንቲሟንም ብትከፋፍሉ 0.333 እያለ ማለቂያ የለውም። አሥርን መሠረት ባደረገው አጻጻፋችን በነጥብ ሊጻፉ የሚችሉት ክፍልፋዮች፣ ከተቃለሉ በኋላ፣ ታችኛው ቁጥራቸው ከሁለትና ከአምስት ብዜት ብቻ የተሠራ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን መሠረቱ ሁለት ነው። ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እያለ ይሄዳል እንጂ አምስትን አያውቅም። ስለዚህ ለእኛ ንጹሕ የሆነው አንድ አሥረኛ ለእርሱ 0.000110011001100 እያለ የማያልቅ ነው።

ይህን በኪሳችን ገንዘብ እንየው። ስሙኒና ሃምሳ ሳንቲም፣ ማለትም 0.25 እና 0.50 ብር፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አንዳች ሳይጎድልባቸው ይቀመጣሉ። አምስትና አሥር ሳንቲም ግን፣ 0.05 እና 0.10 ብር ሆነው ሲጻፉ፣ በትክክል የሚቀመጡበት መንገድ የለም። ከዜሮ እስከ 99 ሳንቲም ካሉት መቶ መጠኖች ውስጥ በባይነሪ፣ በዚያው መሠረቱ ሁለት በሆነው አጻጻፍ፣ ሳይሸራረፉ የሚጻፉት አራት ብቻ ናቸው፦ ዜሮ፣ 25፣ 50 እና 75። የቀሩት ዘጠና ስድስቱ ሁሉ የሚቀመጡት በቅርብ ጎረቤታቸው ነው። አንድ ፕሮግራም በስሙኒና በሃምሳ ሳንቲም ተፈትሾ «ይሠራል» ከተባለ በኋላ በአሥር ሳንቲም የሚሰናከለው ለዚህ ነው።

ቅርብ ጎረቤት ያልኩት በደንብ ቢብራራ ደስ ይለኛል። ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች «ደብል» የሚባለው ቁጥር 64 ቢት ይይዛል፦ አንዱ ለምልክት፣ አሥራ አንዱ ለመጠን፣ ሃምሳ ሁለቱ ለአኃዞቹ። ይህን ሥርዓት የደነገገው እ.ኤ.አ. በ1985 የጸደቀው አይትሪፕል ኢ 754 የተባለው መስፈርት ነው። ከጀርባው ዋነኛው ሰው በበርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ዊልያም ካሃን ናቸው፤ በ1989 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የኮምፒዩተር አምራች በራሱ መንገድ ስለሚያሰላ አንዱ ማሽን ላይ እውነት የሆነ ሁኔታ ሌላው ላይ ሐሰት ሊሆን ይችል ነበር። መስፈርቱ ጥብቅ ነው፦ አራቱም መሠረታዊ ስሌቶች ለእውነተኛው ውጤት ከሁሉ የሚቀርበውን ቁጥር መስጠት አለባቸው። ስለዚህ ማሽኑ ሰነፈ ወይም ተሳሳተ አንልም፤ ሊወክለው ከሚችለው ሁሉ የተሻለውን መርጧል።

የ115ን ነገር ከዚህ ተነስተን መፍታት እንችላለን። 1.15 ብላችሁ ስትጽፉ የሚቀመጠው 1.1499999999999999111 እያለ የሚቀጥል ቁጥር ነው። በመቶ ሲባዛ ጉድለቱም መቶ ጊዜ ያድጋል። በ115 ዙሪያ ኮምፒዩተሩ ሊይዛቸው በሚችላቸው ሁለት ጎረቤት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት 0.000000000000014 ገደማ ነው፤ የብዜቱ እውነተኛ ውጤት ደግሞ ከ115 ይልቅ ከሥር ወዳለው ጎረቤት ይቀርባል። ስለዚህ ወደዚያ ይወርዳል። 0.15 ግን መጠኑ ትንሽ ስለሆነ የሚቀመጥበት ጉድለትም ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ በመቶ ሲባዛ ወደ ድፍን 15 ይጠጋጋል፤ መቶ ሲደመርበትም 115 ይሆናል። ሁለቱም መንገዶች ሕጉን አክብረዋል። የተለያዩት ማጠጋጋቱ የወደቀበት ቦታ ላይ ነው።

በሲ ፕላስ ፕላስ የምትማሩ አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። አንድን ተለዋዋጭ ፍሎት ብላችሁ 0.7 ሰጥታችሁት «ከ0.7 ታንሳለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት አዎ ይላችኋል። ፍሎት 32 ቢት ሲሆን በቀጥታ የጻፋችሁት 0.7 ግን ደብል ነው፤ ሁለቱ የተጠጋጉት በተለያየ ስፋት ነው። በ0.5 ብትሞክሩት ግን ምንም ችግር የለም። ከአንድ እስከ ዘጠኝ አሥረኛ ያሉትን ሁሉ ሞክራችሁ የትኞቹ እንደሚታመኑ ብታዩ ስለ ጉዳዩ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ትማራላችሁ።

አሁን ደግሞ ከማሽኑ ወደ ሰው ልሂድ፤ ምክንያቱም ከአስርዮሽ ቁጥር ጋር በተያያዘ ጀማሪዎች የሚሠሩት ትልቁ ጥፋት ከባይነሪ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የኢፍ ትምህርት በየክፍሉ የሚጀመረው በውጤት ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፦ ከ90 እስከ 100 ኤ ፕላስ፣ ከ85 እስከ 89 ኤ፣ ከ80 እስከ 84 ኤ ማይነስ፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ከእነዚህ ውጭ ከሆነ ኤፍ። ተማሪው እንዳለ ይገለብጠዋል፦ ውጤቱ ከ85 የሚበልጥ ወይም እኩል ከሆነ እና ከ89 የሚያንስ ወይም እኩል ከሆነ። በ87 ይፈትሸዋል፤ ይሠራል። በ80 ይፈትሸዋል፤ ይሠራል። አንድ ቀን 84.5 ያመጣች ተማሪ ስትመጣ ግን የትኛውም ሁኔታ አይቀበላትም። ከ84 ትበልጣለች፤ ከ85 ታንሳለች። እየተንሸራተተች እስከ መጨረሻው ኤልስ፣ «ከእነዚህ ውጭ ከሆነ» እስከሚለው፣ ትወርድና ኤፍ ይጻፍላታል።

ይህን ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ አላበላሸውም። ሕጉ ራሱ የተጻፈው ነጥብ ለሌላቸው ቁጥሮች ነበር። በወረቀት ዘመን 84.5 ሲመጣ መምህሩ ወደ ላይ አጠጋግቶት ወይም ትቶት ያልፍ ነበር፤ ውሳኔው ግን የትም አልተጻፈም። ፕሮግራሙ ያንን ያልተጻፈ ውሳኔ ይጠይቃል። ጥያቄውን የሚመልስ ሰው ከሌለ ኤልስ ይመልሰዋል።

አጻጻፉን ማስተካከል ቀላል ነው። ከላይ ጀምራችሁ በአንድ ወሰን ብቻ ጠይቁ፦ 90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኤ ፕላስ፤ ካልሆነና 85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኤ፤ ካልሆነና 80 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኤ ማይነስ። በሁለት ክልሎች መካከል አንዲት ወሰን ብቻ ስለምትኖር ሰው የሚወድቅበት ክፍተት አይኖርም። ነገር ግን ይህ 84.5ን ኤ ማይነስ አደረገው፤ ይህን የወሰነው ፕሮግራመሩ ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ? ይህን ሳትጠይቁ ኮዱን አታስረክቡ። የፈተናዎቹ ውጤት በክብደታቸው፣ በ0.1 እና በ0.2፣ እየተባዛ ተደምሮ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛው ድምር 85 የሆነላት ተማሪ 84.99999999999999 ሆና ወሰኑ ሥር ልትቀር ትችላለች። ክብደቱን 10 እና 20 ብላችሁ በሙሉ ቁጥር ደምሩ፤ ወሰኑንም በመቶ አባዝታችሁ ከ8,500 ጋር አወዳድሩት። ማካፈልን የምትፈልጉት ለሰው ለማሳየት ብቻ ነው።

ሉፕ ላይም ያው ነው። ከዜሮ ተነስቶ 0.1 እየጨመረ «ከ1 ጋር እኩል እስካልሆነ ድረስ ቀጥል» የተባለ ሉፕ አይቆምም። አሥረኛው ላይ 0.9999999999999999 ደርሶ አሥራ አንደኛው ላይ 1ን ዘሎ ያልፋል።

የሰው ሕይወት የጠፋበትን ጉዳይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991፣ በእኛ የካቲት 18 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወቅት ከኢራቅ የተተኮሰ ስከድ ሚሳይል በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 ሰዎች ሞቱ። አካባቢውን ይጠብቅ የነበረው ፓትሪየት የተባለው ፀረ ሚሳይል ሥርዓት አልተኮሰም። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ1992 ባወጣው ሪፖርት ምክንያቱን አብራርቶታል። የፓትሪየት ሰዓት ጊዜን የሚቆጥረው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ነበር፤ ቆጠራው ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ምንም እንከን አልነበረበትም። ቆጠራውን ወደ ሴኮንድ ለመለወጥ ግን ፕሮግራሙ በአንድ አሥረኛ ያባዛ ነበር፤ ያ አንድ አሥረኛ ደግሞ በ24 ቢት ተቆርጦ የተቀመጠ ነው። ጉድለቱ በእያንዳንዱ ቆጠራ 0.000000095 ገደማ ነበር። ሥርዓቱ ያለ ዕረፍት ለ100 ሰዓት ያህል በርቶ ነበር፤ ይህም 3,600,000 ቆጠራ ነው። ጉድለቱ ተጠራቅሞ የሴኮንድ ሲሶ፣ 0.34 ገደማ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁኔታ ነው። ራዳሩ አንድ ነገር ሲያይ ሚሳይል ከሆነ ቀጥሎ የት ሊገኝ እንደሚገባ ያሰላና ያንን መስኮት ብቻ ይመለከታል። እዚያ ከተገኘ ይከታተላል፤ ካልተገኘ የመጀመሪያው ምልክት የሐሰት ነበር ብሎ ይተወዋል። በሴኮንድ 1,676 ሜትር ለሚበር ስከድ የሴኮንድ ሲሶ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መስኮቱ ሚሳይሉ በሌለበት ተከፈተ፤ ኢፉ ሐሰት ብሎ መለሰ፤ ኤልሱ ሠራ። ይህንኑ ሥርዓት ይጠቀሙ የነበሩ እስራኤላውያን ከስምንት ሰዓት በኋላ በጉልህ መዛነፉን አስተውለው ከሁለት ሳምንት በፊት ለአሜሪካውያን አሳውቀው ነበር። የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ፣ ፌብሩዋሪ 26 ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ደጋግሞ የሚያሳዝነኝ ትክክለኛው ቁጥር እጃቸው ላይ የነበረ መሆኑ ነው። ሙሉ ቁጥሩን ይዘው ነበር፤ ወደ አስርዮሽ ሲለውጡት አጡት።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው ምክር «እኩል ናቸው ወይ አትበሉ፤ ልዩነታቸው ከአንዲት ትንሽ ቁጥር ያንሳል ወይ በሉ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ሳይብራራ ሲሰጥ ሌላ ወጥመድ ነው። ትንሿ ቁጥር ማን ናት? ብዙ ጀማሪዎች ቋንቋው ራሱ የሚሰጠውን 0.00000000000000022 የተባለውን የማሽኑን ኤፕሲሎን ይወስዳሉ። ነገር ግን በ115 ዙሪያ ጎረቤታሞች የሚራራቁት ከዚያ ከስልሳ ጊዜ በላይ ነው፤ ስለዚህ የእኛ የቫት ፕሮግራም በዚህ መለኪያም «ልክ አይደለም» ማለቱን ይቀጥላል። ቁጥሩ ሲገዝፍ ክፍተቱ አብሮ ይገዝፋል። ከ9,007,199,254,740,992 በኋላ ጎዶሎ ቁጥሮች ደብል ውስጥ ጨርሶ አይገኙም፤ በዚህ ቁጥር ላይ አንድ ብትደምሩበት ራሱን ይመልስላችኋል። በተቃራኒው አንድ ሚሊዮንኛን መለኪያ አድርጋችሁ በጣም ጥቃቅን ልኬቶችን ብታወዳድሩ ሁሉም እኩል ይሆኑባችኋል። ፓይተን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን ኢዝክሎዝ የተባለ መሣሪያ አለው፤ ካልተነገረው በቀር ከቢሊዮን አንድ እጅ ልዩነትን ይታገሣል። ከዜሮ ጋር ስታወዳድሩ ግን በዚያው መለኪያ አይረዳችሁም፤ አንድ ቁጥር ከዜሮ ያለው ልዩነት ራሱ ቁጥሩ ነውና።

አንድ ሌላም ጣጣ አለ። መቻቻሉን፣ ማለትም ያቺን ትንሽ ቁጥር፣ አንድ ሳንቲም ካደረግነው 10.000 ብር ከ10.009 ጋር እኩል ይሆናል፤ 10.009ም ከ10.018 ጋር እኩል ይሆናል፤ 10.000 ግን ከ10.018 ጋር እኩል አይሆንም። ከልጅነታችን የምናውቀው የእኩልነት ሕግ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ስለዚህ መለኪያዋ የምትመረጠው ከሥራው ባሕርይ እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም። ቴርሞሜትራችሁ የዲግሪን አንድ አሥረኛ ብቻ የሚለይ ከሆነ፣ ከዚያ በታች ያለ ልዩነት ላይ ውሳኔ የሚሰጥ ኢፍ መሣሪያው የማያውቀውን እያወራ ነው።

ለተለካ ነገር መቻቻል ይሠራል። ገንዘብ ግን አይለካም፤ ይቆጠራል። ስለዚህ ገንዘብን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ያዙት፤ ያን ጊዜ ሁለቱ የእኩል ምልክቶች ያለ ስጋት ይሠራሉ። ወይም ቋንቋው የሚሰጠውን የአስርዮሽ ዓይነት ተጠቀሙ፤ ፓይተን ዴሲማል፣ ጃቫ ቢግ ዴሲማል የሚሉት አላቸው። ወደ ሳንቲም ስትለውጡም ተጠንቀቁ። 4 ብር ከ35ን በመቶ አባዝታችሁ ነጥቡን ብትቆርጡት 434 ይሆናል፤ አንዲት ሳንቲም ጠፋች። መቁረጥና ማጠጋጋት አንድ አይደሉም። የካናዳው የቫንኩቨር አክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1982 በ1,000 የጀመረው መለኪያ በእያንዳንዱ ስሌት ከነጥቡ በኋላ ከሦስተኛው አኃዝ ቀጥሎ ያለውን እየቆረጠ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከ525 በታች ወረደ፤ በትክክል ሲሰላ ግን ወደ 1,099 ገደማ መሆን ነበረበት። ከእያንዳንዱ ስሌት የሚቆረጠው ለዓይን የማይታይ ነበር፤ ነገር ግን መቁረጥ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው።

ሁሉን በሳንቲም ከያዝን በኋላም ቫቱ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። 435 ሳንቲም የሚያወጣ ዕቃ 15 በመቶው 65.25 ሳንቲም ነው። ሩብ ሳንቲም የሚከፍል የለም፤ ስለዚህ 65 እንላለን። ደንበኛው ሦስት ፍሬ ቢገዛ የቫቱ ድምር 195 ሳንቲም ይሆናል። መጀመሪያ ሦስቱን ደምረን 1,305 ካልን በኋላ ቫቱን ብናሰላ ደግሞ 195.75፣ ሲጠጋጋ 196 ይሆናል። አንድ መደብር በየዕቃው፣ የሒሳብ ክፍሉ በድምሩ የሚያሰላ ከሆነ ሁለቱን የሚያወዳድር ኢፍ «አይገናኙም» ይላል፤ ደግሞም ልክ ነው። እዚህ ላይ ባይነሪ የለም፤ የተሸራረፈ ቁጥር የለም። ፕሮግራሙን ከመጻፋችሁ በፊት ሒሳብ ሹሟ ዘንድ ሄዳችሁ «ማጠጋጋቱ በየዕቃው ነው ወይስ በድምሩ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሰጠቻችሁንም መልስ ከኢፉ በላይ ባለው መስመር ላይ በኮሜንት ጻፉት።